የመምህርቷ ዝናብ

ጭሮ ላይ ጠዋት የሚጀምረው በጉም ነው። ከቆላው ተነስቶ ሸንተረሩን ይዞ ይወጣል፤ መጀመሪያ ባሕር ዛፎቹን ይውጣል፣ ቀጥሎ የመስጊዱን ሚናራ፣ ከዚያ አስፋልቱን። ወደ ሐረር የሚሄዱት ከባድ መኪኖች መብራታቸው ብቻ ይታያል። የተከራየሁበት ግቢ ዳገት ላይ ስለሆነ አንዳንዴ በሩን ስከፍት ከተማው የለም። ከወሎ ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን እንዲህ ያለ ጠዋት ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ። ከማማሩ የተነሳ ነው ብዬ ለእናቴ በስልክ ስነግራት፣ "ምግብ በልተሻል?" አለችኝ።

አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ የጸሐፊነት አባዜም አለብኝ። ጉም ካየሁ እስክሪብቶ ፍለጋ እሮጣለሁ።

አከራዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለአንድ መሥሪያ ቤት ዝናብ ሲለኩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ መሣሪያውን አስረክበው ልማዱን ይዘው መጡ። ግቢው መሃል በቆመ እንጨት ላይ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አስረዋል። በየጠዋቱ በተማሪ ማስመሪያ ይለኩና ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ቀን፣ መጠን፣ አስተያየት። እኔን የገደለኝ አስተያየቱ ነው። "ደመና መጣ። አየን። ሄደ።" ይላል አንዱ። ሌላው፣ "ጉንዳን እንቁላሉን ተሸክሞ ወጣ። ነገ እናያለን።" እኔ ገጽ ሙሉ ፈጅቼ የማልደርስበትን እሳቸው በአንዲት መስመር ይደርሱበታል። ቀናሁባቸው፤ ምን ይደበቃል።

ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ መስመሩን መለየት ሲያቅታቸው፣ "መምህርት፣ ከዛሬ አንቺ ጻፊልኝ" አሉኝ። የተሾምኩ ያህል ደስ አለኝ።

በዚያ ዓመት በልጉ ዘገየ። ከከተማው በላይ ማሽላ የሚዘሩበት ማሳ አላቸው፤ የሚያርሰው አብሯቸው የሚኖረው ትልቁ ልጃቸው ነው። ያለፈው ምርት ደካማ ስለነበር ቤት ውስጥ የቀረው ዘር አንድ ጆንያ ብቻ ነው። ደንባቸው የታወቀ ነው፤ ሦስት ደህና ዝናብ ደብተሩ ላይ ካልሰፈረ ዘሩ ከቤት አይወጣም። ሁለቱ ሰፍረዋል። ሦስተኛውን እንጠብቃለን።

"ስንት ነው?" ይሉኛል በየጠዋቱ።

"ባዶ ነው አባባ።"

ውሃውን እኔ የጠጣሁት ይመስል አፍራለሁ።

አንድ ቀን ለለቅሶ ከልጃቸው ጋር ሂርና ሄደው ሁለት ሌሊት አደሩ። በሚመለሱበት ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት እንዲያ ያለ ጉም አይቼ አላውቅም። ግቢው የለም፣ አጥሩ የለም፣ እጄን ስዘረጋ ጣቴ የለም። ከቅጠሎቹ ጠብታ ይወርዳል፤ ፀጉሬ ረጠበ። እኔም ቀስ እያልኩ የምሟሟ መሰለኝ፤ ብሟሟም ቅር የሚለኝ አልነበረም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አስተያየቱ ላይ ጻፍኩ፦ "ሌሊቱን ሰማይ ምድርን በቀስታ አጠባት።" ደጋግሜ አነበብኩት። ወደድኩት።

ከዚያ የመጠኑን ቦታ አየሁ። ቆርቆሮው ውስጥ ከእርጥበት በቀር ምንም የለም። እንዲህ ካለ ዓረፍተ ነገር ጎን ባዶ እንዴት ይጻፋል? አሥራ ስምንት ሚሊሜትር ብዬ ጻፍኩ። እንዲያው በእጄ መጣ።

ከሰዓት ሲመለሱ አነበብኩላቸው። "ድገሚልኝ" አሉ። ደገምኩ። "አልሀምዱሊላህ" ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱ። ዝናቡን አሞገሱ እንጂ እኔን አላሞገሱም፤ እኔ ግን ድርሰቴ የተወደደልኝ ያህል እየተኩራራሁ ክፍሌ ገባሁ።

በማግስቱ ልጃቸው ዘሩን ጭኖ ወጣ። ቦርሳዬን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል ስልካቸው ጮኸ። የስልኩን ድምፅ ከፍተው የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ ያኔ ቋንቋውን መስማት ጀምሬ ነበር። ልጅየው፣ "አባ፣ አፈሩ ከላይ እርጥብ ነው፤ ከሥር ግን አቧራ ነው" አለ።

"ደብተሩ ዘንቧል ይላል" አሉት። "ዝራ።"

ሰማሁ። ሰምቼም ሄድኩ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ከመጻፌ ይልቅ መሄዴ ነው። ክፍል ገብቼ "ተፈጥሮን መግለጽ" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ የዕለቱ ትምህርት እሱ ነበር። ከዚያ ወዲያ እጄ እምቢ አለ። ተማሪዎቹን ለክፍል አለቃው አስረክቤ በባጃጅ ወደ ግቢው ተመለስኩ።

"አባባ፣ ያ ዝናብ አልዘነበም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"ታዲያ ምን ነበር?" አሉኝ።

"ጉም ነበር።"

"ሁሪ" አሉ በራሳቸው ቋንቋ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ልጃቸው ጋ ደወሉና አስቆሙት። የጆንያው ግማሽ ተበትኗል።

ደብተሩን አምጪ ሲሉኝ ሊቀሙኝ መስሎኝ ነበር። "እንዳታጠፊ" አሉ። "ከሥሩ ጻፊ። ይሄ ዝናብ የመምህርት ነው። አልዘነበም።" እንዳሉኝ ጻፍኩ።

"ሌላ ሰው ይፈልጉ አባባ" አልኳቸው።

"ሌላ ማን አለኝ?"

የተዘራውን ወፍ ለቀመው፤ የቀረው ብቅ ብሎ ደረቀ። እውነተኛው ዝናብ ብዙ ሳምንት ዘግይቶ መጣና የተረፈውን ዘር ዘሩ። ያን ክረምት ማሳው ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ባዶ ሆኖ ከረመ። ትምህርት ቤት ስሄድ ከአስፋልቱ ይታየኛል። ልጃቸው፣ "ያ ያንቺ ዝናብ የጣለበት በኩል ነው" ይለኛል እየሳቀ። እኔ አልስቅም።

ከዚያ ወዲህ ባነበብኩላቸው ቁጥር ሽማግሌው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ቆርቆሮውን ከእንጨቱ ፈትቼ አመጣላቸዋለሁ፤ ጣታቸውን ሰደው ሥሩን ይዳስሳሉ፤ ይመልሱልኛል። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አደረግን።

ዛሬ ጠዋት እንደገና ያ ጉም መጣ። ሚናራው ሄደ፣ መንገዱ ሄደ፣ ከተማው ሄደ። ስንት ዓረፍተ ነገር አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ቆርቆሮውን አየሁና ጻፍኩ፤ ለሽማግሌውም አነበብኩላቸው፦ "ባዶ። ሁሪ ብቻ።"

ቆርቆሮውን ፈትቼ አቀረብኩላቸው። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

"ምን ያደርግልኛል?" አሉ። "ጽፈሽ የለ።"