ሥልጣን የማስቀመጥ ቅደም ተከተል

ጀሊላ ዓሊ የባሕር ዳር ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። ኪየቭ ተምራ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ስትመለስ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ከሶቪየት ያስመጣውን ኮምፒውተር ተረከበች። እኔ በዚያው ክፍል ታይፒስት ነበርኩ። ስትናደድ ዝም ትላለች፤ ስትደሰትም ዝም ትላለች። አንዱን ከአንዱ ለመለየት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚይዙት የዱርቤቴው ሰው ጋሼ አለበል ነበሩ። ጀሊላ ዕቃ የሚመዘግቡበት ፕሮግራም ጻፈችላቸው። ፕሮግራሙ የተቆለፈውን መዝገብ ለመክፈት ሲል የማሽኑን የበላይ ሥልጣን ይዞ፣ የአስተዳደሩን መዝገቦች መንካት በሚችለው ቡድን ውስጥም ገብቶ ይነሣል። ከከፈተ በኋላ ግን ሥልጣኑን አስቀምጦ፣ ከአስተዳደሩ ቡድንም ወጥቶ፣ እንደ ተራ የግምጃ ቤት ሰው መሥራት አለበት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በሚባልበት አገር፣ በፈቃዱ የሚሻር ሹም ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ስሕተቷ ቅደም ተከተሉ ላይ ነበር። በፋብሪካችን ሰው ከሹመት ሲወርድ መጀመሪያ ማኅተሙን ያስረክባል፤ ከኮሚቴው የሚሰረዘው በኋላ፣ ስብሰባ ሲጠራ ነው። እሷም ሳታስበው እንደዚያው አድርጋ ጻፈችው፤ መጀመሪያ ሥልጣኑ፣ ቀጥሎ ቡድኑ። ማሽኑ ግን ከቡድን ለመውጣትም የበላይ ሥልጣን ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ሥልጣኑን ከጣለ በኋላ ከቡድኑ አውጣኝ ቢለው እምቢ አለው። እምቢታውን የሚሰማ መስመር አልጻፈችም ነበርና ማንም ሳያውቅ ፕሮግራሙ በቡድኑ ውስጥ ቀረ።

አንድ ቀን ጋሼ አለበል ያረጀ መዝገብ እሰርዛለሁ ብለው ስሙን አሳስተው ጻፉ። የአስተዳደሩ የሠራተኞች መዝገብ በሙሉ ጠፋ። እዚያ መዝገብ ዘንድ የሚደርሱት የአስተዳደሩ ሰዎች ብቻ ናቸው ስለሚባል፣ የምሥጢር ቃል ሰርቆ አሻጥር ሠራ ተብለው ከግምጃ ቤቱ በር ላይ ተወሰዱ። ሚስታቸው ወለተ ኪዳን ስንቅ ይዛ ብትሄድ መልሰው ሰደዷት። በዚያ ዘመን ስንቅ ሲመለስ ብዙ ጊዜ እስረኛው ተገድሏል ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ስሟን መጥራት እንኳ ፈራን።

ጀሊላ የራሷን ጽሑፍ መስመር በመስመር አይታ ነገሩን አገኘችው። ቢሮ ውስጥ ግድግዳም ጆሮ ስላለው በምሳ ሰዓት ጣና ዳር ወሰደችኝ።

«ሰውየው ምንም አልሰረቁም። እኔ ነኝ አገላብጬ የጻፍሁት» አለችኝ።

«ተይ እባክሽ። የነጋዴ ልጅ ነሽ፣ ውጭ አገርም ኖረሻል። እሳቸውን ለቀው አንቺን ነው የሚወስዱሽ።»

«ጋሼ አለበልስ?»

ተያይዘን ወደ ፋብሪካው ተመለስን።

ከሰዓት በኋላ በካድሬው በጓድ አዘዘ ፊት ፕሮግራሙን አስነሣች። «ይመልከቱ ጓድ፤ ጋሼ አለበል በገዛ ስማቸው ነው የገቡት፤ የማንንም የምሥጢር ቃል አልተጠቀሙም። ሥልጣኑ ወርዷል፣ ቡድኑ ግን እንዳለ ነው። ሁለቱን መስመሮች ላገላብጣቸው፤ ሁለተኛ አይደገምም።»

አዘዘ ክፉ ይሁን እንጂ ሞኝ አልነበረም። ሁለቴ አስደግሟት ገባው።

«ስለዚህ ጥፋቱ ያንቺ ነው።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እጅሽ ይህን ማሽን እንዳይነካ። ያጠፋ ሰው የገዛ ጥፋቱን አያርምም።»

ጋሼ አለበል ተፈቱ። ጀሊላ ወደ ክር ማጠንጠኛው ተላከች፤ አልታሰረችም። እኔማ ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል ብዬ ስለት ሁሉ አገባሁ።

በሳምንቱ ምሳ ላደርስላት ብሄድ ጋሼ አለበል ቀድመውኝ ከማጠንጠኛው አጠገብ ቆመዋል። ከስተዋል፤ ኮታቸው የሌላ ሰው መስሏል።

«ልጄ፣ ያደረግሽልኝን ሰማሁ። እግዜር ይስጥልኝ» አሏት። «ዛሬ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ያንኑ ፕሮግራም ክፈት አሉኝ። አስተካከሉት ወይ?»

«ማን ያስተካክለዋል ጋሼ? የሚያውቀው ሰው የለም፤ እኔን ከለከሉኝ።»

«አልነካም ብልስ?»

«ሥራ ለማሰናከል ነው ይሉዎታል። ይሥሩበት፤ ብቻ ምንም ነገር አይሰርዙ። አንድ ፊደል እንኳ እንዳይስቱ።»

ጋሼ አለበል ከኪሳቸው መነጽራቸውን አወጡ። አንዱ መስተዋት የለም፤ እዚያው እስር ቤት ሰብረውባቸዋል።

«ታዲያ ፊደሉ መች ይታየኛል?» አሉና ወደ ግምጃ ቤቱ ሄዱ።