ወደ ኋላ የተጎተተ ቀን

በሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኟን «ባትሪ» ይሏታል። የኮምፒውተሬ ሰዓት ተበላሸ ብሎ የመጣን ሁሉ ሳታስጨርስ «ባትሪው ነው!» ስለምትል ነው፤ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ አትሳሳትም። ውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ስትደክም፣ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይጠፋበታል። እሷም አዲስ ታስገባና ቀልዳ ትሸኛለች።

ፋርማሲ ያላት አክስቷ፣ የእናቷ ታናሽ እህት፣ «ሰዓቱ አልያዝ አለኝ፤ በየጠዋቱ አስተካክለዋለሁ፣ ተመልሶ ይበላሽብኛል» ብላ ስትጠራት፣ አንዲት አዲስ ባትሪ ኪሷ ከታ ሄደች። ከፈተች፣ ለካች፤ የድሮዋ ምንም አልሆነችም። ስክሪኑን አየች፤ ቀኑም ሰዓቱም ልክ ነው።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ምንም አላጠፋም።»

«ችግሩ እሱ አይደል! ባለፈው ሳምንት ኢንተርኔት ካስገባሁ ወዲህ በራሱ እየተነሳ ልክ ይሆንብኛል። ልክ እንዳይሆን አድርጊልኝ።»

በዚህ ሥራ ስትኖር ስንት ጉድ ሰምታለች፤ እንዲህ ያለውን ግን ሰምታ አታውቅም። ሳቋ አመለጣት። አክስቷ ግን አልሳቀችም፤ ነገሩን አፍረጠረጠችው። መድኃኒቱን የሚቆጣጠረው ፕሮግራም ፈቃዱ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ትክክለኛውን ቀን ካየ አልከፈትም ይላል። ስለዚህ ሴትዮዋ በየጠዋቱ ቀኑን ወደ ኋላ ጎትታ፣ ፈቃዱ ሳያልቅ ወደነበረበት ወር ትመልሰዋለች። ብልጥ ናት፤ በብልጠቷም ትኮራለች።

ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ሰዓት እንዳይወስድ ልትከለክለው ባትሪ እየሳቀች እጇን ሰደደች። እጇ እዚያው ቀጥ አለ።

«ቆይ እስቲ፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት በምን ትለዪዋለሽ?»

«ፕሮግራሙ ነዋ! ሲያልፍበት ቀይ ያደርገዋል።»

«በየትኛው ቀን አስልቶ?»

አክስቷ ዞራ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየች።

«ቀይ ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«እኔ እኮ... ሳይበላሽ ቶሎ ቶሎ እየሸጥኩ የምጨርሰው መስሎኝ...»

ባትሪ ክው አለች። የእናቷ የደም ግፊት ክኒን የሚሄደው ከዚሁ ነው፤ ከትልቁ ጣሳ እየተቆጠረ፣ ምንም ባልተጻፈበት ትንሽ ፖስታ። ሮጣ ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረደችው። ጊዜው ካለፈ ዓመት አልፎታል። ጣሳውን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። አክስቷ «እህቴን! የገዛ እህቴን!» እያለች ደረቷን ትመታለች።

ባትሪን ያደነዘዛት ግን ሌላም ነገር ነው። ግፊቱ አልወርድ ባለ ቁጥር «ክኒኑን እየዘለልሽ ትዋሺኛለሽ!» እያለች እናቷን ስትቆጣ፣ ስታኮርፍ ነው የከረመችው። እናት ብትምል ብትገዘት አላመነቻትም። እንዴት እናቷን አታምንም? ስልኳን አወጣች፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ሳተችው።

«እማዬ! ያንን ክኒን እንዳትነኪው!»

«አትቆጪ ልጄ፣ ውጬዋለሁ» አለች እናቷ ለማባበል በሚመስል ድምፅ። «ዛሬማ ደስ እንዲልሽ ብዬ ሁለት ነው የዋጥኩት።»