የላመው ዱቄት

በደርግ ጊዜ ከወሎ አሶሳ ከሰፈርነው ሴቶች መካከል ለገበሬ ማኅበሩ አመራር የተመረጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ምርጫ ከተባለ! ወንዶቹ «አንዲት ሴት ትግባ ተብሏል» ሲሉ ጎረቤቶቼ ገፍተው አስነሱኝ፤ ተጨበጨበ፣ አለቀ።

እኔ ግን ነገሩን የምር ያዝኩት። የሴቶቹ ጥያቄ አንድ ነበር፤ የሞተር ወፍጮ። የሚታደለን በቆሎ ነው፤ በቆሎ ደግሞ በድንጋይ ሲፈጩት ወገብ ይቆርጣል። የሥራ ደወል ሳይደወል ፈጭተን ጨርሰን ከወንዶቹ እኩል ማሳው ላይ እንገኛለን። ለአረም የሥራ ነጥብ ይያዛል፣ ለአጨዳ ይያዛል፤ መፍጨት ግን ሥራ አይባልም። በየስብሰባው አነሳለሁ፤ ሊቀመንበሩ «እንመለስበታለን» ይላል። ጆሮ ዳባ ልበስ።

አንድ ቀን ከአሶሳ ከተማ ኃላፊ ሊመጣ ነው ተባለ። አንድ ወፍጮ ተገኝቷል፤ የሚተከልበትን መንደር የሚመርጠው እሱ ነው። የምናገረውን ሳሰላስል ሊቀመንበሩ አስጠራኝ።

«የሴቶቹ ተጠሪ አንቺ ነሽ፤ መስተንግዶውን ያዢ።»

እኔ የተዘጋጀሁት ልናገር እንጂ ላስተናግድ አልነበረም። ቢሆንም እንግዳን በሻካራ እንጀራ መቀበል እኛ ዘንድ ነውር ነው። ሴቶቹን ሰብስቤ በቆሎውን ፈጨን፣ ነፋን፣ ግርዱን መልሰን ፈጨነው። መጁ መዳፌን ላጠው።

ኃላፊው በቀርከሃው ዳስ ተቀምጦ አንድ ጎረሰና እንጀራውን በጣቱ ዳሰሰው። «ይህን የመሰለ ዱቄት የት አስፈጫችሁ?»

ሊቀመንበሩን ቀድሜ «በድንጋይ ነው፣ ጓድ!» አልኩ። አሁን ገባው ብዬ ደስ አለኝ።

«በድንጋይ እንዲህ የምታልሙ ከሆነማ» አለ በአድናቆት፣ «ወፍጮው ለባሰባቸው ይሂድ።»

«ኧረ ጓድ፣ እጃችን እኮ...» ስል ሊቀመንበሩ አቋረጠኝ። «ወጥ ጨምሪላቸው እንጂ!»

ዳሱ ጀርባ ስወጣ ሁሉን የሰሙት ጎረቤቴ፣ ሽማግሊት ናቸው፣ ራሳቸውን ያዙ። «ምነው ልጄ፣ ንፍሮ ቀቅለን በሰጠነው!»

በሚቀጥለው ስብሰባ ወፍጮው ለሌላ መንደር መሰጠቱ ተነገረ። ሊቀመንበሩ ቀጠለና፣ መንደሩን በእንግዳ ፊት ላስከበረችው ለሴቶቹ ተጠሪ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ይሰጥ አለ። በዚያን ጊዜ ደንብ የተጨበጨበለትም አብሮ ያጨበጭባል። ሁሉም እያጨበጨበ ዞሮ አየኝ። እኔ የተላጠው መዳፌ ገና አልዳነም ነበርና እጄን ነጠላዬ ውስጥ እንደከተትኩ ቆምኩ።