«ማን አየው?» የሚሉት ጋሼ

ናካዋ ሰፈር ባለው ቤታችን «ጋዙን ዘግቼዋለሁ» ማለት ብቻውን በቂ ሆኖ አያውቅም ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ በሩ ላይ ቆመው «ማን አየው?» ይሉኛል።

«እኔው ዘጋሁት እኮ፣ ጋሼ!»

«የዘጋማ ዘጋሁ ይላል» ብለው ራሳቸው ገብተው ያያሉ። እንዴት ያናድደኝ ነበር!

ጋሼ የጨረራ ደኅንነት ባለሙያ ነበሩ። የፓርላማው ኮሚቴ የኑክሌር ደኅንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማሻሻያ የት እንደደረሰ ሲጠይቅ፣ ለሙያ ምክር ጠራቸው። መኪናውን የነዳሁት እኔ ስለነበርኩ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «ማሻሻያው ተጠናቋል። ተቆጣጣሪዎቻችን ፋብሪካዎቹን በአካል ይፈትሻሉ» ብለው ሪፖርታቸውን አቀረቡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ ጋሼ ዞሩ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ማን አየው?» አሉ ጋሼ።

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢዋ ግን አልሳቁም። በዚያው ቀን ከሳቸውና ከጋሼ ጋር የጂንጃ መንገድን ትራፊክ ታግሰን አንድ ፋብሪካ ደረስን። ጨረራ የሚያመነጨው መሣሪያ የተቀመጠበት ክፍል በር ላይ ያለው የማስጠንቀቂያ መብራት አይሠራም። ሠራተኞቹም የሚፈትሽ ሰው መጥቶ እንደማያውቅ ተናገሩ። ሰብሳቢዋ ሪፖርቱን ለኃላፊው መለሱና «ከእንግዲህ መጀመሪያ እናያለን፣ ከዚያ እናጸድቃለን» አሏቸው።

ጋሼ በዚህ አልኮሩም። መብራቱ ተጠገነ ሲባል ግን ሄደው አዩት።

ጋሼን ከቀበርን በኋላ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሥራ ስወጣ ጋዙን ዘጋሁ። ቦዳው፣ የሞተር ታክሲው፣ ውጭ እየጠበቀኝ በሩ ላይ ቆምኩ። «ማን አየው?» የሚለኝ የለም።

ተመልሼ ገባሁና አየሁት።