የአያቴ አቡጄዲ

ግራና ከተማ አካባቢ ለመስክ ሥራ ድንኳን ውስጥ እናድራለን፤ ደክሞኛል። የመሥሪያ ቤቱ የመኝታ ከረጢት (ስሊፒንግ ባግ) የብዙ ሰው ላብ ስለጠጣ ውስጡን በሚታጠብ ስስ ጨርቅ አለብሰዋለሁ። ባልደረባዬ "ሐር ይሻልሽ ነበር፤ ይቀላል" ብላኝ ነበር። እኔ ግን ወልድያ አቡጄዲ ገዝቼ አሰፋሁ። ዛሬ ስዘረጋው የአዲስ ጨርቅ ሽታው አያቴን አመጣብኝ።

ልጅ ሆኜ ማሽላ ሲወቃ ቤተሰቡ አውድማ ላይ ያድር ነበር። አንድ ምሽት የሱፍ ባናው ኮሰኮሰኝ ብዬ አለቀስሁ። አያቴ ከሳጥናቸው አቡጄዲ አውጥተው እንደ ከረጢት ሰፉልኝ፤ እሱ ውስጥ አስገብተውኝ ባናውን ከላይ ደረቡልኝ።

እናቴ "አባባ፣ ለከፈንዎ ያስቀመጡት እኮ ነው። ከተሰፋ ወዲያ ለዚያ አይሆንም" አለቻቸው።

"ያን ጊዜ የሚኮሰኩሰኝ ነገር የለም" አሉ።

ከፈን የሬሳ መግነዣ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሞቀኝና ተኛሁ።

አያቴ ሲሞቱ አቡጄዲ ከመርሳ እስኪመጣ ቀብሩ ቆየ። ለቀስተኛው "እንዴት ሽማግሌ ከፈኑን ሳያሰናዳ ይሞታል?" አለ። እናቴ እኔን አየችኝ።

"አዲስ አቡጄዲ አይኮሰኩስም?" አለችኝ አሁን ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ያለችው ባልደረባዬ።

"የለም፣ ይሞቃል" አልኋት።