ታርጋ የጻፍኩበት ደብተር

ከቢላ ወደ ነቀምት ስንመለስ ኬላው ላይ ሁላችንንም ከሚኒባሱ አወረዱን። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ቆምን። መታወቂያ ይዣለሁ። የፈራሁት ለደብተሬ ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያየኋቸው የድሮ የአሜሪካ መኪኖች እዚያ ውስጥ አሉ፤ ዊሊስ ጂፕ፣ ዶጅ ፒካፕ፣ አፍንጫው የረዘመ የፎርድ ጭነት መኪና። አሮጌ መኪና ቀለሙ ይቀየራል፣ ሞተሩም በሌላ ይተካል፤ ዳግም ሳየው የምለየው በታርጋው ነው። ስለዚህ ታርጋውን፣ ያየሁበትን ቦታና ሰዓት እጽፋለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ ለግጥም የምትሆን አንድ መስመር። እናቴ አንድ ቀን ገልጣው "ይሄን ሰው ቢያገኘው ምን ይላል?" ብላኝ ነበር።

የሚፈትሸኝ ወታደር ደብተሩን ከኪሴ አወጣው። ሁለት ገጽ ገልጦ ቀና ብሎ አየኝ።

"የማን መኪና ቁጥር ነው?"

"የአሮጌ መኪኖች ነው።"

"ለማን ነው የምትመዘግበው?"

"ለራሴ።"

እውነቴን ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ለእኔም ውሸት መሰለኝ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ፈንጠር አሉ። ረዳቱ ጫማውን ያያል።

"አንብበው። ጮክ ብለህ!"

ከታርጋው ቁጥር ሥር ያለውን አነበብኩ። "ጉቶ ጊዳ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ዊሊስ ጂፕ፣ ጎማ የለውም። የሾፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። መኪናው ቆሟል፤ እሷ ግን የሃያ አንድ ቀን መንገድ ጀምራለች።"

ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሳቀች። በሚኒባሱ ከጎኔ ተቀምጠው የመጡ፣ በርበሬ ነጋዴ የሆኑ እናት ናቸው።

"ማራታ ነው እኮ ጎፍታ፣ ጌታዬ! እብድ ነው! ብረት ባየ ቁጥር በመስኮት ሲንጠራራ አንገቱ ሊቀነጠስ ነበር። የበርበሬ ጆንያዬን እንኳ 'ከለለኝ፣ ዝቅ ያድርጉልኝ' ብሎኛል። እንዲህ ያለውን ሞኝ ማን ሰላይ አድርጎ ይቀጥራል?"

ወታደሩ አልሳቀም። ቁጥር ያለበትን ገጽ ሁሉ አንድ በአንድ ቀደደ፤ ቁጥር የሌለበት ገጽ ደግሞ አልነበረም። ባዶውን ሽፋን መለሰልኝ።

"ሂድ። ሁለተኛ ስትጽፍ ካገኘሁህ ዶሮዋ አታድንህም።"

ሚኒባሱ ሲነሳ ባዶውን ሽፋን ኪሴ ከተትኩት። ሴትዮዋ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ሚስት አግባ። የመኪናው አባዜ ይተውሃል።"

ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት፣ ነቀምት መግቢያ ዳገቱ ላይ አንድ አረንጓዴ ዶጅ ብቅ አለ። ክብ መብራት፣ ያበጠ የጎማ መከለያ፣ ቡና እስከ አፉ ጭኗል። እንዲህ ያለውን አይቼ አላውቅም። ፊቴን ቶሎ ወደ ጆንያው አዞርኩ።

ዘግይቼ ነበር። ቁጥሩን አይቼዋለሁ። እስከ ዛሬ የትም አልጻፍኩትም፤ ኬላ ላይ ኪሴን ሲፈትሹኝ ግን ቁጥሩ ከአፌ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ገጥሜ እቆማለሁ።