ያልቀላው ቲማቲሜ

ለማስተማር ቆቦ በተመደብኩ ዓመት፣ ከተከራየሁት ክፍል ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት ቆፍሬ ቲማቲም ተከልኩ። አከራዬ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። «አብሽር መምህር፣ ኢንሻአላህ ትበላዋለህ» ይሉኝ ነበር።

ፍሬው ተንዠርግጎ ገና ሳይቀላ የቧንቧው ውሃ ይጠፋ ጀመር። በጄሪካን እየተሸከምኩ ባጠጣም አልሆነም፤ በዚያ ሙቀት ቅጠሉ ኩምትር አለ። ተስፋ ስቆርጥ አረንጓዴውን እንዳለ ለቀምኩት።

ካርቶን ውስጥ ጭድ ጎዘጎዝኩ፤ እርስ በርሱ እንዳይነካካ ደረደርኩትና ቶሎ ያበስለዋል ሲሉ የሰማሁትን ሙዝ ጣል አድርጌበት አልጋዬ ሥር ከተትኩት። እትዬ ግን አላስቀምጥ አሉኝ። ክፍሌን ሊጠርጉልኝ በገቡ ቁጥር እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጉታል። የተጫነው ይጠቁራል፤ የጠቆረው ይበሰብሳል። የበሰበሰውን እየለቀምኩ የምጥለው እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ እባክዎ አይንኩት። ራሱ ይቀላል።»

«መቼ? እኔ ከሞትኩ በኋላ?»

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ካርቶኑ የለም። ጓሮ ብወጣ ቲማቲሜ የጋለ ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቷል።

«ጨለማ ውስጥ ታፍኖ እንዴት ይቀላል? ፀሐይ ይንካው እንጂ!» አሉኝ፣ እንዳመሰግናቸው እየጠበቁ።

ገሚሱ ፈንድቷል፤ የሌላው ልጣጭ ነጥቶ ተጨማዷል። እናቴን የሚያህሉ ሴት ላይ አልጮህ ነገር፤ ንዴቴን ውጬ የተረፈውን ለቀምኩ። ያን ማታ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስኩት። ሆምጠጥ ያለ፣ እንጀራ የሚያስበላ ወጥ ወጣው። ብቻዬን መብላት ነውር ነውና ጠራኋቸው። አንድ ጊዜ ጎርሰው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ወደ ቤታቸው ገብተው ስኳር ይዘው መጡ። «ኧረ ይቆዩ!» ሳልል ድስቱ ውስጥ ገለበጡት።

«ወላሂ፣ አሁን ሰው የሚበላው ሆነ» አሉና ጥርግ አድርገው በሉ። እኔ ደረቅ እንጀራ አላመጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት በአጥሩ በኩል ለጎረቤታቸው ሲያወሩ ሰማኋቸው። «መምህሩ ያን ሁሉ ቲማቲም አልጋ ሥር ሊያበሰብሰው! እኔ ባልደርስለት ኖሮ!»

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በአጠገባቸው አለፍኩ።

«ምነው መምህር፣ ዛሬ ሰላምታም የለ?»

«ረፍዶብኛል» ብዬ ወጣሁ። አልረፈደብኝም ነበር።